«ትራውማ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

«ትራውማ» የምትለዋ ቃል ከሐኪም ቤት ወጥታ ካፌውም ሳሎናችንም ገብታለች። ፈተና የከበደው ተማሪ «ትራውማ ሆነብኝ» ይላል፤ ከፍቅረኛዋ የተለያየችውም እንዲሁ። ለመሆኑ ቃሉ ምን ማለት ነው?

ምንጩ ግሪክኛ ነው፤ ትርጉሙም «ቁስል»። ለረጅም ዘመን ሐኪሞች የተጠቀሙበት ለሥጋ ጉዳት ብቻ ነበር። ዛሬም የቀዶ ሕክምና ሐኪም «ትራውማ» ሲል መኪና የገጨውን ወይም ከፎቅ የወደቀውን ሰው ጉዳት ማለቱ ነው። «አቤት» የሚለው የአዲስ አበባው ሆስፒታል ስም ከእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተገጣጠመ ሲሆን፣ የመጨረሻዋ «ት» የቆመችው ለዚሁ ቃል ነው።

ቃሉ ከሥጋ ወደ አእምሮ የተሻገረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ገደማ ነው። ከባቡር አደጋ የተረፉ አንዳንድ ሰዎች ይህ ነው የሚባል ቁስል ሳይታይባቸው እንቅልፍ እያጡና እየተንቀጠቀጡ ሐኪሞችን ግራ አጋቡ። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ብዙ ወታደሮች እንዲሁ ሆኑ፤ ፈሪ የተባሉም ነበሩ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚከተለውን ይህን ሕመም በይፋ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።

የእኛ አባቶች ግን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብለዋል። ቁስሉ በሥጋ ብቻ እንደማይቀር ተረቱ ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። አሰቃቂው ድርጊት አንድ ነገር ነው፤ ትቶት የሚያልፈው ቁስል ሌላ። ክፉ ቀን ያየ ሁሉ አይታመምም፤ አብዛኛው ሰው በቤተሰቡና በወዳጆቹ ድጋፍ ያገግማል። ነገር ግን ቅዠቱ፣ ኮሽ ባለ ቁጥር መበርገጉ፣ ድርጊቱን ከሚያስታውስ ቦታና ሰው መሸሹ ከአንድ ወር አልፎ ሥራንና ኑሮን ካወከ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። በሕፃናት ላይ ደግሞ ያዩትን በጨዋታ እየደጋገሙ ማሳየት፣ ወይም የተዉትን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና መጀመር ምልክት ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው ቃሉን በቁጠባ መጠቀም የሚበጀው። ማንኛውንም ኀዘንና ብስጭት «ትራውማ» ካልነው፣ በእውነት የቆሰለው ሰው ሲናገር ሰሚ ያጣል። «እርሳው»፣ «ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ»፣ «ከአንተ የባሰ አለ» ማለትም ያው ነው፤ እግሩ የተሰበረን ሰው ተነሥና ሩጥ እንደማለት።

እንግዲህ ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ የሆነ ሰው ካለ እንዲናገር አታስገድዱት፤ ሲናገር ግን አታቋርጡት። ብቻውን አትተዉት። ወደ ሕክምና ሲሄድም አብራችሁት ሂዱ፤ በባለሙያ የሚመራ የንግግር ሕክምና ብዙዎችን አሽሏል። ቁስል ነውና ይታከማል።

በሚቀጥለው ወር በሌላ ቃል እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!