ስክሪንሾት ሐሜት አይደለም፤ እማኝ ነው!

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ወጣ ያለ ነገር ልጽፍላችሁ ነው። ስለ ምርጫም ስለ ሹመትም አይደለም። ስለ ስክሪንሾት ነው። አትሳቁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከራሴ ልጀምር። አምና እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንድ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ማመልከቻ በኦንላይን ሞላሁ። ሁሉንም አስገብቼ ስጨርስ «ምዝገባዎ ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ ከነቁጥሩ መጣ። ደስ ብሎኝ ገጹን ዘግቼ ወጣሁ። አጠገቤ የነበረችው የክፍሌ ልጅ ግን ያንኑ ገጽ ስክሪንሾት አንስታ፣ ወርድ ላይ ለጥፋ፣ አሳትማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አንቺ ደግሞ ጥንቃቄ ታበዣለሽ» ብዬ ሳቅኩባት።

የተፈታኞች ስም ሲለጠፍ የሁለታችንም ስም የለም። እሷ ወረቀቷን ይዛ ሄደች፣ ቁጥሯ ተፈልጎ ተገኘ፣ ተፈተነች። እኔን «ተመዝግበህ ከሆነ ማስረጃ አምጣ» አሉኝ። ምን ላምጣ? በዓይኔ አይቻለሁ ብል ማን ይሰማኛል?

አባቴ ገበሬ ነው። ማንበብ አይችልም። ግን ቤቱ ዝናብ ሲያፈስ መጀመሪያ የሚያሸሸው የመሬት ደብተሩን ነው፤ በፌስታል ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። ወረቀት የሌለው ሰው ድንበሩ እንደሚገፋ ያውቃል። እኔ ባለዲግሪው ልጁ ግን አንድ ቁልፍ መጫን ከብዶኝ መብቴን ኢንተርኔት ቤት ጥዬው ወጣሁ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እንደ ሕዝብም ያለንበት ሁኔታ ይኸው ነው። ተበድለናል እንላለን፤ እውነት ነው፣ ተበድለናል። ግን በደላችንን እንዴት ነው የያዝነው? በሕዝባችን ላይ ጥላቻ የሚሰብክ ፖስት እናያለን። እንቆጣለን፣ ኮሜንት ላይ እንሳደባለን፣ ሼር እናደርጋለን። በማግስቱ የጻፈው ሰው ያጠፋዋል። ከሳምንት በኋላ አንድ ጋዜጠኛ ወይም ጠበቃ «ማን ጻፈው? መቼ? ሊንኩ የታለ?» ሲል እጃችን ላይ ያለው ምንድነው? ግማሹ የተቆረጠ፣ አሥር የቴሌግራም ቻናል የዞረ፣ የሦስት ቻናል ሎጎ የተለጠፈበት ደብዛዛ ምስል። ይሄ ማስረጃ አይባልም። ሽማግሌ ፊት እንኳ «ሰማሁ» ብትል «ከማን ሰማህ?» ትባላለህ።

መርዓዊን አስታውሱ። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. እዚሁ ጎጃም መርዓዊ ላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ያኔ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተዘጋ ወራት ተቆጥሮ ነበር። ኢሰመኮ በኋላ ባወጣው መግለጫ ማንነታቸውን ማረጋገጥ የቻለው ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን ተናገረ፤ ቁጥሩ ከዚያ ሊበልጥ እንደሚችልም ጠቁሟል። «ማንነታቸውን ማረጋገጥ የቻለው» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ስሙ ያልተያዘ፣ ቀኑ ያልተጻፈ ሟች ሰው ሆኖ ሳለ በሰነድ አይቆጠርም። በዚያው ሰሞን ግን በእኛ በራሳችን ፔጆች ስንት የሌላ አገርና የሌላ ዓመት ፎቶ «የዛሬ» እየተባለ ዞረ? አንድ ሐሰተኛ ምስል ሲጋለጥ እውነተኞቹም አብረው «ፕሮፓጋንዳ ነው» ይባላሉ። ጠላት ከሚያደርስብን ጉዳት ይሄ አያንስም።

አሁን የምጽፈው አንዳንዶቻችሁን ያስቆጣ ይሆናል፤ ግን መባል አለበት። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። ትግራዋይ ናቸው። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ፎቷቸው ከስማቸው ጋር ፌስቡክ ላይ ሲዞር ነበር። ልጃቸው አብርሃም ለፌስቡክ ደጋግሞ ሪፖርት አደረገ። ክሱ እንደሚለው ከፖስቶቹ አንዱ ጥፋት እንዳለበት ኩባንያው ያመነው ሰውየው ከሞቱ በኋላ ነው። ልጁ በ2015 ዓ.ም. ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ።

ይህንን ያነሳሁት ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አባቱን የተነጠቀ አንድ ወጣት የዓለምን ግዙፍ ኩባንያ ችሎት ፊት ያቆመው ለቅሶ ብቻ ይዞ አይደለም። የትኛው ፖስት፣ በየትኛው ቀን፣ መቼ ሪፖርት ተደረገ፣ መቼ ምን ተመለሰ የሚለውን ይዞ ነው። እኛ ስንት ሟች አለን? ስንቱን እንዲህ ይዘናል? ሁለተኛ፣ የአንድን ሰው ፎቶና ስም ቆርጦ «ይሄን ሰው እወቁት» ብሎ መልቀቅ ሰው ይገድላል። የእኛን ወገን ሲገድል ወንጀል፣ የሌላውን ሲገድል ትግል የሚሆን ነገር የለም። በዚህ ፔጅም ቢሆን እንዲህ ያለ ስክሪንሾት ካያችሁ ላይክ አታድርጉ፤ ለአድሚኖቹ ንገሩ።

ሕጉም ዝም አይልም። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው ይቀጣል፤ የአካውንቱ ተከታይ ከ5,000 በላይ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ይደርሳል። ሕጉ በማን ላይ እንደሚጠና ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ በእጃችን ለምን ሰበብ እናቀብላለን?

ወደ ሥራው እንግባ። ኮምፒውተር ያገኘ ሰው በስልክ ባያነሳ ይመረጣል። በስልክ አፕ ውስጥ የሚነሳ ስክሪንሾት የገጹን አድራሻ አያሳይም። በኮምፒውተር ብሮውዘር ላይ ግን ከላይ ሊንኩ፣ ከታች በቀኝ በኩል ሰዓቱና ቀኑ አብረው ይገባሉ። በዚያ ላይ ስልክ በየኬላው በሚፈተሽበት ዘመን ሁሉንም ነገር ኪስ ውስጥ ይዞ መዞር ብልህነት አይደለም።

ዊንዶውስ ላይ «ፕሪንት ስክሪን» የሚባለው ቁልፍ ብቻውን ሲጫን ምስሉን ኮፒ ያደርገዋል እንጂ ፋይል አድርጎ አያስቀምጠውም። ወርድ ወይም ፔይንት ላይ ፔስት ካላደረግከው ሌላ ነገር ኮፒ ስታደርግ ይጠፋል። ብዙ ሰው «አንስቼ ነበር፣ የት እንደገባ እንጃ» የሚለው ለዚህ ነው። በአዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ደግሞ ይኸው ቁልፍ የመቁረጫውን መሣሪያ ሊከፍትባችሁ ይችላል። የዊንዶውስን ቁልፍና ፕሪንት ስክሪንን አንድ ላይ ከተጫንክ ግን ሙሉው ስክሪን «ፒክቸርስ» ውስጥ «ስክሪንሾትስ» የሚባል ፎልደር ላይ ራሱ ይቀመጣል። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ «ኤፍኤን» የምትለዋንም አብሮ መጫን ያስፈልጋል። ዊንዶውስ፣ ሺፍትና ኤስ አንድ ላይ ሲጫኑ የፈለግከውን ቦታ ብቻ ቆርጠህ ታነሳለህ፤ ለማስረጃ ግን ሙሉውን አንሳ። ገጹ ረጅም ከሆነ ኮንትሮልና ፒ ተጭነህ ፒዲኤፍ አድርገህ አስቀምጠው።

ስክሪንሾት ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ኮምፒውተር ትንሽ የሚያውቅ ሰው የማንንም ፖስት ቃል ራሱ ብሮውዘር ላይ ቀይሮ በሁለት ደቂቃ ውስጥ «ስክሪንሾት» ሊያነሳ ይችላል። ፎቶሾፕም አያስፈልገውም። ስለዚህ ሊንኩን ኮፒ አድርገህ ከምስሉ ጋር ጻፈው። ገጹ ለሁሉም ክፍት የሆነ ድረ ገጽ ከሆነ «ዌይባክ ማሽን» ላይ አስቀምጠው፤ እዚያ የገባ ገጽ ባለቤቱ ቢያጠፋውም ከነቀኑ ሊገኝ ይችላል፣ ያስቀመጥከውም ራስህ ብቻ አትሆንም። ከተቻለ ሌላ ሰውም በራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ ያንሳው። ሁለት እማኝ ከአንድ ይሻላል።

ዋናውን ፋይል አትንካው። አትቁረጠው፣ ቀይ ክብ አትሥራበት፣ ሎጎ አትለጥፍበት። መለጠፍ ካስፈለገ ኮፒውን ውሰድና የተጎጂን ፊት፣ የስልክ ቁጥርና የሕፃናት ስም ሸፍነህ ልቀቅ። ቴሌግራም ላይ ስትልክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላክ፤ በፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይወርዳል። የፋይሉን ስም በቀንና በቦታ ሰይመው። በፍላሽ አንድ ኮፒ ለምታምነው ሰው ስጥ።

«ላፕቶፕ የለንም» የምትሉ ትኖራላችሁ። አውቃለሁ፣ እኔም የለኝም። ግን በየከተማው ኢንተርኔት ቤት አለ፣ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ዲግሪ ይዘን ቁጭ ያልን ስንት ነን! ከጀበና ቡና ቤት እስከ ጀበና ቡና ቤት ስንዞር ከምንውል፣ ሦስት አራት ሆነን የየአካባቢያችንን ነገር ብናደራጅ ማን ይከለክለናል? አባቶቻችን የግብር ደረሰኛቸውን እያስቀመጡ ርስታቸውን ያቆዩት በጉልበት ብቻ አይደለም።

እኔ ያን ፈተና ሳልፈተን ቀረሁ። ያለፈ ነገር ነው፣ ሌላ ማስታወቂያ ይወጣል። የአንድ ሕዝብ በደል ግን ሌላ ማስታወቂያ አይወጣለትም። ዛሬ ካልተያዘ ነገ «የት አለ?» ይባላል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ «አልሆነም» ይባላል።

ስለዚህ ሼር ከማድረግህ በፊት አስቀምጥ። ከማስቀመጥህ በፊት አጣራ። ያላጣራኸውን አትልቀቅ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል!

ከደብረ ማርቆስ