የመጻሕፍታችን ቍልፍ በማን እጅ ነው?

የጥንት መጻሕፍታችን በፎቶግራፍ ተነሥተው በኢንተርኔት መገለጣቸውን አንዳንዶች እንደ ዘረፋ ሲቈጥሩት፥ ሌሎች ደግሞ ሥራው ተፈጽሟል ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ሁለቱም አሳብ ስሕተት መሆኑን ለመግለጽ እንወዳለን።

ለፊተኞቹ የምንመልሰው ይህን ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ ዛሬ በለንደን፥ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እነዚህን ለመመርመር የኢትዮጵያ ተማሪ ባሕር መሻገር ነበረበት። ገጾቻቸው በኢንተርኔት ሲገለጡ ግን ይህ ድካም ይቀርለታል። ሥዕሉ መታየቱም ዋናው መጽሐፍ እንዲመለስ የመጠየቅ መብታችንን አይሽረውም። መጽሐፍን ደብቆ ማኖር ለእሳት፥ ለምስጥና ለሌባ አሳልፎ መስጠት ነው።

ሥራው ተፈጽሟል ለሚሉት ግን ከዚህ የበለጠ የምንለው አለን። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአዲስ አበባ 9,000 ያህል የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ቅጂያቸውም አሜሪካን አገር በሚኒሶታ ይጠበቃል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እነዚህን መጻሕፍት በመመርመርና በመዘርዘር የደከሙት ድካም ሁልጊዜ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የታተመው ዝርዝር በእንግሊዝኛ ነው። ግእዙን አጥርቶ የሚያውቅ የቅኔ መምህር እንግሊዝኛ ባለማወቁ ብቻ የአባቶቹን መጽሐፍ ፈልጎ ለማግኘት አስተርጓሚ ያስፈልገዋል።

ሌላም አደጋ አለ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተሮች በወንጀለኞች በተጠቁ ጊዜ በኢንተርኔት ይታዩ የነበሩት የብራና መጻሕፍት ለብዙ ወራት ተሰወሩ። ያን ያህል ሀብትና ባለሙያ ያለው ቤት እንዲህ ከሆነ፥ ሀብትን ሁሉ በአንድ የሩቅ ቤት ማኖር ጥበብ አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የራስን ወርቅ በሰው ሳጥን አኑሮ መለመን ግን ከዚያ ይብሳል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንዲደረግ እናሳስባለን። አንደኛ፥ ከእንግዲህ በማናቸውም የውጭ ተቋም ፎቶግራፉ የሚነሣ መጽሐፍ ሙሉ ቅጂው በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን እንዲቀመጥ በውሉ ይጻፍ። ሁለተኛ፥ ዝርዝሩ በአማርኛና በሌሎቹም የአገራችን ቋንቋዎች ይዘጋጅ። ሦስተኛ፥ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የተማሪዎቻቸውን የምርምር ጽሑፍ ከመደርደሪያ አውጥተው ለሁሉ ይግለጡ። ለዚህ ሥራ ባለሥልጣኑ በጀቱን፥ መምህሩ ዕውቀቱን፥ ተማሪው ጕልበቱን ቢሰጥ፥ ቍልፉ በእጃችን ይገባል እንላለን።