ስሟ ኢትዮጵያ፣ ዕጣዋ ቁርጥራጭ ብረት

ሞጣ የደረሰ እንግዳ ስለ ሰባራ ድልድይ ሳይሰማ አይመለስም። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ የዓባይ ድልድይ በጠላት ወረራ ዘመን መሐሉ ቢፈርስም፣ ስብራቱ ራሱ ስም ሆኖለት በሰው አፍ ይኖራል። የአገራችንን ስም ተሸክማ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በቀይ ባሕር ስለኖረችው መርከብ ግን ከቢቸና እስከ ሞጣ ቢጠየቅ የሚመልስ ስንት ይገኛል?

መርከቧ «ኢትዮጵያ» ከመባሏ በፊት «ኦርካ» ትባል ነበር። በ1935 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት ከውኃ ገባች፤ በ1936 ዓ.ም. ጦርነቱን ተቀላቀለች። ሥራዋ ውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች እናት መሆን ነበር። ነዳጅና ጥይት ታድላቸዋለች፤ የተጎዱትን ትጠግናለች፤ አብራሪዎቹን ታሳድራለች። በፊሊፒንስ፣ በሌይቴ ባሕረ ሰላጤ፣ የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላኖች በሚወረወሩበት ሰማይ ሥር ይህንኑ ፈጽማለች።

በ1954 ዓ.ም. በውሰት ለኢትዮጵያ ተሰጠች። ርዝመቷ ዘጠና አምስት ሜትር ገደማ የሆነው ይህች መርከብ የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ ሆነች፤ ዕጩ መኮንኖችም የባሕርን ጠባይ የተማሩት በእርሷ ላይ ነው። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በጦርነት ከእጅ ወጣች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መርከቧ ወደ የመን ሸሸች፤ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

የባንክ ሰው ነኝና በሙያዬ ቋንቋ ልናገር፦ ይህ ሳይመሳከር የተዘጋ ሒሳብ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ሥነ ጽሑፋችን መርከብን አጥቶ አያውቅም፤ የሚያውቃት ግን በምሳሌነት ነው። በቅኔያችን መርከብ የኖኅ ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ባሕርም ሙሴ የከፈለው ነው፣ ወይም የዚህ ዓለም መከራ ነው። ምሳሌው ውብ ነው፤ ነገር ግን ዝገት የሚበላት፣ ነዳጅ የምትሸት፣ የደጋ ልጅ በማዕበል የሚታመምባት የብረት መርከብ በውስጡ ቦታ አላገኘችም።

አንዳንድ ወዳጆቼ «የመርከብን ነገር ማንሳት የወደብን ሙግት መቀስቀስ ነው» ይሉ ይሆናል። አይደለም። ምጽዋ ዛሬ የኤርትራ ናት፤ መርከቧም የወንድማማቾች ደም በፈሰሰበት ዘመን ያለፈች ናትና ታሪኳ ሁሉ የሚዘፈንለት አይደለም። የወደቡ ክርክር ለባለ ሥልጣናት ይቆይ። የሰው ልጅ ትዝታ ግን የጸሐፊ ድርሻ ነው።

ከቢቸና የማይርቀውን ዲማ ጊዮርጊስን ጨርሶ ያልረገጠ አንባቢ እንኳ ያውቀዋል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጽፈውታልና። የምጽዋን መርከበኛ ማን ጻፈው? መርከቧን በ1954 ዓ.ም. በሃያ ዓመቱ የተቀበለ ወጣት ዛሬ ሰማንያን አልፏል። ባሕር ኃይሉን ዳግም የማቋቋም ዕቅድ በ2010 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል፤ አዲስ መርከብ በገንዘብ ይገዛል፤ የእነዚያ አዛውንት ትዝታ ግን ከየትም አይገዛም።

ስለዚህ ብዕር የያዛችሁ ወዳጆቼ ሆይ! በየከተማችሁ አንድ የቀድሞ መርከበኛ ካለ ሂዱና ከጎኑ ተቀመጡ። ስለ ድልና ሽንፈት ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ባሕሩን መጀመሪያ ባየ ቀን ምን እንደተሰማው ጠይቁት። ያንንም ጻፉት።