የወር አበባ ሕመምና ባለመድኃኒት

ከጎንደር በስተሰሜን ባለችው በወለቃ ቤተ እስራኤላውያን በነበሩበት ዘመን፣ የወር አበባ የመጣባት ሴት ከቤቷ ወጥታ «የመርገም ጎጆ» በሚባል ለብቻው በተሠራ ቤት ሰባት ቀን ትቀመጥ ነበር። ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ስለ ሄዱ ጎጆው ቀርቷል፤ ሕመሙን በዝምታ መሸሸግ ግን በአገሩ ሁሉ ገና አልቀረም።

ይህ ሕመም መርገም አይደለም። በየወሩ ከማሕፀን ውስጥ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ስለሚመነጭ ማሕፀኑ ይኮማተራል፤ ሕመሙም ከዚህ ይመጣል። ኢቡፕሮፌን የተባለው መድኃኒት ይህን ንጥረ ነገር የሚቀንስ ስለ ሆነ፣ ሕመሙ እንደ ጀመረ ከምግብ ጋራ ቢወሰድ ይረዳል። ነገር ግን የጨጓራ ቁስል፣ የኩላሊት ሕመም ወይም አስም ያለባትን፣ እርጉዝም የሆነችውን ሊጎዳ ይችላልና፣ አስቀድሞ ባለመድኃኒትን መጠየቅ ይገባል። ባለመድኃኒቱም ጠይቆ መጠኑን ይነግራል፤ ሕመሙ ከወር ወደ ወር የሚብስ እንደ ሆነም ወደ ሐኪም ይልካል።

በጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ትምህርት ሲሰጥ ኖሯል፤ ዛሬም ዩኒቨርሲቲው የመድኃኒት ባለሙያዎችን ያወጣል። እንግዲህ ዕውቀቱ ለወለቃ ሴቶች ቅርብ ነው፤ የሚከለክላቸው እፍረት ነው።

ስለዚህ ሹማምንት መድኃኒቱ ከመድኃኒት ቤት እንዳይጠፋ፣ ጠያቂዋም ሌላ ሰው ሳይሰማት የምትናገርበት ስፍራ እንዲኖር ቢያደርጉ፣ ካህናትም ወደ ቤተ መቅደስ ስለ መግባት የተሠራው ሥርዓት ሌላ፣ ሕመምን ማከም ሌላ መሆኑን ለአባቶችና ለባሎች ቢያስረዱ፣ ብዙ ሴት ልጆች ከሥቃይ ያርፋሉ፤ ከትምህርታቸውም አይቀሩም።