ተነሱ! እሺ፣ የት ሄዱ?

ማርቆስ ያደግን ልጆች ስለ 1960ው የገበሬዎች አመፅ የምንሰማው ታሪክ አጭር ነው፦ ገበሬው አመፀ፣ ገዢው ተነሱ፣ አለቀ። እኛም ደረታችንን እንነፋለን። እኔ ግን ይሄ ታሪክ ሆን ተብሎ የተቆረጠ ይመስለኛል፤ ዋናው ትምህርት ያለው ከተቆረጠው በኋላ ነውና።

ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ደብረ ማርቆስ ተቀምጠው ጎጃም ጠቅላይ ግዛትን ያስተዳድሩ ነበር። በ1960 የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የጎጃም ገበሬ መሬት ደግሞ ርስት ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ። ዛሬ የእርሻህ ገቢ ይገመት ካሉት ነገ ቀላድ ይዘው ይመጣሉ፣ ቀላድ ከመጣ ርስት አለቀለት ብሎ ሰጋ። ይህን ስጋት የሚያበርድለት፣ የሚያምነው ሹም አልነበረውም። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሱ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላን መንደር ላይ ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ንጉሡ ለዘብ አሉ፤ ግብሩ ቀረ፣ ውዝፉም ተማረ፣ ደጃዝማቹም ከጎጃም ተነሱ።

የት ሄዱ? ኋላ የከፋ ጠቅላይ ገዢ ሆኑ! በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ የጅማ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ «ይነሱልን» ያላቸው እኚሁ ሰው ናቸው። ጎጃም በደም የተገላገለውን ሹም ከፋ ተረከበው። ታዲያ ይሄ ድል የማን ነው?

«ችግሩ ሥርዓቱ እንጂ ሰውዬው አይደሉም» የሚል አይጠፋም። ይሁን። ግን ሥርዓቱ ማለት እኮ ይኸው ነው፦ ሹመቱም ከላይ፣ ሽረቱም ከላይ፤ ሕዝቡ የሚጠየቀው ለግብር ብቻ። በ1958 የአውራጃ ራስ አስተዳደር የሚፈቅድ ትእዛዝ ቁጥር 43 ወጥቶ ነበር። በቅጡ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ገበሬው ሹሙን በምክር ቤት የሚጠይቅበት በር ስላልተከፈተለት በጠመንጃ ጠየቀ።

ዛሬስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ላይ ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። የወረዳ ምክር ቤት አለ፣ አፈ ጉባኤ አለ፣ ማኅተም አለ። ሹሙ ሲያጠፋ ግን የምንሰማው ያቺኑ የድሮ ዜና ነው፦ «ወደ ሌላ ኃላፊነት ተዛውረዋል»። እኛም ፌስቡክ ላይ እናጨበጭባለን፤ የሚቀበለው ወረዳ ሕዝብ ትዝ አይለንም።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። በዝውውር አገር ግን ማን ይቆጨዋል? ሽረት የለማ! ወንበር መቀያየር ነው ያለው።

ስለዚህ ከእንግዲህ አንድ ሹም «ተነሳ» ሲባል ከማጨብጨባችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ምን አጥፍቶ? ወዴትስ ሄደ? መልሱ ካልመጣ፣ የገዛ ችግራችንን ጎረቤት ቤት ወርውረን በራችንን ዘጋን ማለት ነው።