ነፋስ የማይነጥቀው ዳስ

ለሠርግ ዳስ ጥላችሁ ታውቃላችሁ? ነፋስ ሲመጣ ሸራው ይርገበገባል። ዝናብ ሲመጣ መሐሉ ውኃ ያቁራል። ከዚያ ይቀደዳል፤ ወይም ምሰሶው በሰው ላይ ይወድቃል። ይህ ለምን ይሆናል? ሸራው ዝርግ ስለሆነና ስላልተወጠረ ነው።

ፍራይ ኦቶ የሚባል ጀርመናዊ የሕንፃ ንድፍ አውጪ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በፈረንሳይ አገር ምርኮኛ ሆነ። እዚያ በጥቂት ዕቃ ቤት መሥራትን ተማረ። በኋላም፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም.፣ በካሰል ከተማ መናፈሻ ውስጥ ለሙዚቀኞች የሸራ ጥላ ሠራ። ሸራው አራት ማዕዘን ነው። ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለት ማዕዘኖች ከፍ አደረገ። የቀሩትን ሁለቱን ዝቅ አድርጎ አሰረ። ሸራው የበቅሎ ኮርቻ መሰለ።

ብልሃቱ ምንድን ነው? ሁለቱ ማዕዘኖች ወደ ላይ ይስባሉ፤ ሁለቱ ወደ ታች። ስለዚህ ሸራው እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ነፋስ አያርገበግበውም። ውኃውም ወደ ዝቅተኛው ማዕዘን ይወርዳል። ዛሬ በብዙ አገር መናፈሻ ልጆች እንዲህ ባለ ጥላ ሥር ይጫወታሉ።

ግን ልብ በሉ! ነፋስ ሸራን ወደ ላይ ያነሣል። ካስማው በደንብ ካልተቀበረ ተነቅሎ ሰው ይመታል። ስለዚህ ካስማውን በጥልቀት ትከሉ። ራሱ ከዳሱ ወደ ውጭ ያዘንብል። ኃይለኛ ነፋስ ከመጣ ሸራውን አውርዱ። ከሸራ ሰው ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ስንት ማዕዘን ከፍ ይላል? ስንቱስ ዝቅ ይላል? ለጎረቤት አንብቡና አብራችሁ መልሱ።