የአዋሽ ሸለቆ ቡናማ ጢስ

ከአዋሽ 7 ኪሎ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሠመራ የሚጓዝ መንገደኛ፣ በመንገዱ ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያና ከቁጥቋጦው መካከል የሚነሣውን ጢስ አይቶ፣ ሰዉ ሥራውን እየሠራ ነው ብሎ ያልፋል። እኛም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ብለን አልፈናል። ዳሩ ግን የጢሱ ቀለም ጥቂት ሊያስቆመን ይገባ ነበር።

ከሰሉ በአብዛኛው የሚገኘው ፕሮሶፒስ ከተባለው እሾኻም ዛፍ ነው። ዛፉ በሸለቆው የተስፋፋው በደርግ ዘመን ስለሆነ አፋሮች «ደርጊ ሐራ»፣ ማለት የደርግ ዛፍ ይሉታል። የግጦሹን መሬት ስለ ወረረም ቆርጦ ማክሰሉ እንደ መፍትሔ ተቆጠረ፤ አሳቡ ክፉ አይደለም። (ጉቶው ካልተነቀለ ተመልሶ ማቆጥቆጡ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ነገር ግን ጢስ ሁሉ አንድ አይደለም። እንጨት አየር አግኝቶ ቦግ ብሎ ሲነድ የሚወጣው ጥቁር ጥላሸት ይበዛል፤ ይህም የፀሐይን ብርሃን ቀለም ሳይለይ ይውጣል። በአፈር ተዳፍኖ ሲጨስ ግን በሙቀት ይፈርሳልና፣ እንደ ሬንጅ ያለ ነገር በጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ይወጣል። ይህ ጠብታ በተለይ ሰማያዊውን ብርሃንና ለዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ይመጣል፤ የቀረው ብርሃን ወደ ቢጫና ወደ ቡናማ ያደላል። ስለዚህ «ቡናማ ካርቦን» ተባለ። አንድሬኤና ጌለንቼር የተባሉ ሊቃውንት በ2006 እ.ኤ.አ. ይህን ከጥቁሩ ለይተው እንዲታይ ጽፈዋል። ቀድሞ የአየር ንብረት ስሌት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለውን ጢስ ብርሃን መላሽ፣ ስለዚህም አብራጅ አድርጎ ይቆጥረው ነበር።

እርግጥ ነው፣ ፀሐይ ይህን ቀለም እንደ ተሰጣ ጨርቅ ታነጣዋለች። በ2013 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በተነሣው ታላቅ የደን ቃጠሎ ላይ የተደረገው ጥናት፣ የብርሃን መምጠጥ ኃይሉ ከ9 እስከ 15 ሰዓት ባለው ጊዜ በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የእኛ የአፈር ክምር ግን ቀናት ሙሉ ይጨሳልና፣ የነጣውን አዲሱ ይተካዋል። አክሳዩም ከአጠገቡ ሳይርቅ ይተነፍሰዋል።

እንግዲህ በሠመራ ቢሮ ተቀምጦ የተመነጠረውን ሄክታርና የወጣውን ጆንያ የሚመዘግብ ወጣት ሹም፣ ምድጃውስ ምን ዓይነት ነው ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው እንላለን። ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የአፈሩ ክምር አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሰል ይሰጣል፤ የራሱን ጢስ መልሶ የሚያነደው የብረት ምድጃ ግን ጢሱን ሲቀንስ ከሰሉን ይጨምራል። ዋጋው ከአንድ አክሳይ ዐቅም በላይ ነውና፣ ብድሩ በኅብረት ሥራ ማኅበር ስም ቢሰጥ ይሻላል። በአሚባራና በገዋኔ ፕሮሶፒስን ያከስሉ የነበሩ ማኅበራት ስለነበሩ፣ አሠራሩ ለአገሩ እንግዳ አይሆንም።